ስለ ቀይዋ ላንድሮቨር ያልተናገርኩት

ሱቄን የዘጋሁት በዓይኔ ምክንያት ነው። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ለማስገባት ሦስቴ አራቴ የምሞክር ሰው ከሆንኩ በኋላ የሰው መኪና ወንበር አፍርሶ መስፋት ድፍረት መሰለኝ። ደግሞ አሁን አሁን የወንበር ልብስ ተሰፍቶ አልቆ በፌስታል ይመጣል፤ ባለመኪናው ራሱ ጎትቶ ያለብሰዋል። እኔን ማን ይፈልገኛል? ሶዶ ላይ ሃያ ምናምን ዓመት የተቀመጥኩባትን በርጩማ ለጎረቤቴ ሰጠሁ፣ የስፌት መኪናዬን በአንሶላ ሸፈንኩና ቤቴ ገባሁ።

የመዘምራን ጓደኞቼ ሲሸኙኝ፣ «ድንቅነሽ፣ ያየሽውን ጻፊው እንጂ፤ አንቺ ስታወሪ እኮ ሰው ምሳውን ይረሳል» አሉኝ። ወሬ እወዳለሁ፣ አልክድም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቀረው፤ የቀረውን ከመጽሐፍ ቅዱስና ከመዝሙር ደብተር ነው የለቃቀምኩት። ቢሆንም ደብተር ገዝቼ ጀመርኩ። የሚያስቀውን ሁሉ በሁለት ሳምንት ጨረስኩት። ከዚያ አንዲት ቀይ ላንድሮቨር ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። እሷን ዘልዬ ሌላውን ላወራ ሞከርኩ፤ አልሆነም። እሷን ለመናገር ግን መጀመሪያ ሥራችን ምን እንደነበር ልንገራችሁ፤ ሥራውን ያላወቀ ጥፋቴን አይመዝነውም።

ደርግ በወደቀ ሰሞን ባሌ ሞቶብኝ ገበያ ዳር የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋ ነበር። ፊት ለፊቴ የጋሽ ወርቁ ጋራዥ ነበረ። ጋሽ ወርቁ ባትላሜራ ናቸው፤ የተጣመመ የመኪና አካል እየቀጠቀጡ የሚያቃኑ ማለቴ ነው። ወንበር የሚሰፋላቸው ሰው ወደ አገሩ ሲሄድባቸው አንድ ጠዋት መጥተው በሬ ላይ ቆሙ።

«ሱሪ የምትሰፋ ሴት ወንበር ያቅታታል?» አሉኝ።

«ወንበር ሰፍቼ አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ይቀላል። ሱሪ የለበሰ ሰው ይንቀሳቀሳል፤ ወንበር የት ይሄዳል?»

እውነት መስሎኝ በዩኒፎርም ክር ሰፋሁት። አንድ ወፍራም ነጋዴ ተቀመጠበትና በሳምንቱ ከዳር እስከ ዳር ተተረተረ። ጋሽ ወርቁ አልተቆጡም። ወንበሩን አምጥተው ፊቴ አስቀመጡና የቀረውን ስፌት ሁሉ በእጄ አንድ በአንድ እንድፈታ አደረጉኝ። ፈትቼ ስጨርስ ወፍራም የናይለን ክር ሰጡኝ። አስተማሪዬ እንዲህ ነበሩ፤ ቃል አይበዛባቸውም።

በዚያ ዘመን በእኛ አካባቢ መኪና ልግዛ የሚል ሰው በዛ። አዲስ መኪና የሚችል ግን የለም። የሚገዛው የድሮ ነው፤ ድሮነቱም ንጹሕ ድሮ አይደለም፣ የተለወጠ ነው። ሞተሩ ከአንዱ፣ ካምቢዮው ከሌላው፣ ጣሪያው ከፍ የተደረገ፣ ወይም ጭራሽ ተቆርጦ የተጣለ። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥርና ሞተሩ ተዋውቀው የማያውቁ መኪኖች ነበሩ። እንግዲህ ወላይታ ኮርማ ሲገዛ ብቻውን አይሄድም፤ ኮርማ የሚያውቅ ሰው ይዞ ይሄዳል፣ ያ ሰው ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ይጨብጣል። መኪና ሲገዛም እንደዚያው ጋሽ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። ጋሽ ወርቁ ደግሞ እኔን ይዘው ይሄዳሉ። «ውጩን ይቀባሉ፤ ውስጡን አንቺ እዪልኝ» ይሉኝ ነበር።

እሳቸው መኪና እንዴት እንደሚያዩ ልንገራችሁ፤ ዛሬም መኪና ለምትገዙ ይጠቅማችኋል። ሻጩ ቤት ምንም አይቀምሱም። ውሃ እንኳ። «የበላ አፍ ይለሰልሳል» ነው የሚሉት። መጀመሪያ ሞተሩን አያስነሱም፤ ቀዝቃዛ መሆኑን በእጃቸው ነክተው ያረጋግጣሉ፤ ሻጭ አስቀድሞ ያሞቀው ሞተር ሕመሙን ይደብቃላ። ቀጥሎ ከኪሳቸው ማግኔት ያወጣሉ። ከተሰበረ ሬዲዮ የወጣ ነው፤ ቀለም እንዳይጭር በጨርቅ ጠቅልዬ የሰፋሁላቸው እኔ ነኝ። ማግኔቱን በአካሉ ላይ እያስኬዱ፣ ከብረት ሲለቅ ያቆማሉ። የለቀቀበት ስቱኮ ነው፣ ዝገት በልቶት በጭቃ መሰል ነገር የተሞላ። ላንድሮቨር ላይ ግን አካሉ አልሙኒየም ስለሆነ ማግኔቱ የሚሠራው ከታች ባለው ብረት ላይ ብቻ ነው፤ ይህንን የማያውቅ ስንት ሰው አለ። በሮቹን በአንድ ጣት ይዘጋሉ። በአንድ ጣት የማይዘጋ በር ያለው መኪና አንድ ቀን ተጣሟል ይላሉ።

በመጨረሻ ጫማቸውን ያወልቁና ባዶ እግራቸውን ወለሉ ላይ ይራመዳሉ። ዓይን ይታለላል፣ እግር ግን እብጠትና ስርጉድ ያውቃል። የተጠራጠሩበት ቦታ ላይ ቆመው፣ «ድንቅነሽ፣ ምንጣፉን አንሺ» ይሉኛል። ስንሄድ በኖርንበት ዘመን ሁሉ ምንጣፉ ሳይነሳ የተፈረደ መኪና የለም። ፍርዳቸውን ደግሞ ሻጭ ፊት አይናገሩም። ገዢውን ለብቻው ወደ አጥር ይወስዱትና፣ «መኪናዋ ይህ ይህ አለባት። ዋጋውን አንተ ታውቃለህ» ብለው ይተዋሉ።

ጉኑኖ ላይ አንዲት ቮልስ ለማየት ሄደን ነበር። ለሙሽራ ተብላ ጣሪያዋ የተቆረጠች፣ ነጭ የተቀባች፣ እርግብ የመሰለች። ገዢው ልጁን ሊድርባት ቸኩሏል። ጋሽ ወርቁ ማግኔቱን የፊት ጎማው ፓራፋንጎ ላይ ቢያስጠጉ ወደቀ፤ በሩ ላይ ወደቀ፤ ኋላዋ ላይ ወደቀ።

ሻጩ ተናደደና፣ «ማግኔትዎ ደክሟል፣ አባቴ» አለ።

«ማግኔቱስ ደህና ነው» አሉት። «የሚይዘው አጥቶ ነው። ይቺን ልጅ የሚገዛ ሰው መካኒክ አይጥራ፣ ግንበኛ ይጥራ።»

ሻጩ ራሱ ሳቀ። ያን ቀን ምንጣፉን ሳነሳ ከሥር መሬቱ ታየኝ፤ አንዲት ዶሮ በመኪናዋ ሥር ስታልፍ አየኋት። ገዢው ልጁን በበቅሎ ዳረ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ጋሽ ወርቁ ተሳሳቱ። ቦዲቲ ላይ ለአንዲት ነርስ ሞተሩ የተለወጠ ፒካፕ አይተው፣ «ካምቢዮው ጤነኛ ነው» አሏት። በአውቶቡስ ስንመለስ እጃቸውን ማርሽ እንደሚለውጥ ሰው ጉልበታቸው ላይ ያንቀሳቅሱ ነበር። ከዚያ ድንገት፣ «ሦስተኛው ማርሽ ላይ የሰማሁት ድምፅ የጥርስ ነው» አሉና ሹፌሩን አስቆሙት። ዝናብ ይዘንባል። እንዳይወርዱ ለመንኳቸው፤ ነገ ሰው እንልክባታለን አልኳቸው። «ስህተት ካደረ ይወልዳል» ብለው ወረዱ። እኔም ተከትዬ ወረድኩ። በጭቃው ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዘን ደረስን። ነርሷ ገንዘቡን ልትቆጥር መሐረቧን ፈትታ ነበር። ደጁ ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ ዋሽቼሻለሁ፤ አትግዢ» አሏት። ተሳስቻለሁ አላሉም። ዋሽቼሻለሁ ነው ያሉት። ይህን ቃል ያኔ የሽማግሌ ትሕትና ነው ብዬ አልፌው ነበር።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ጆሯቸው እምቢ አላቸውና ሐዋሳ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ማግኔቱን ለእኔ ሰጡኝ። ሰውም መኪና ሲገዛ እኔን ይዞ መሄድ ጀመረ። ሴት መኪና ታያለች ወይ ብሎ የሚስቅ ነበረ፤ ስቆ ስቆ ግን ይጠራኛል። አምሮብኝ ነበር፤ ውነቱን ልናገር፣ ኩራትም ገብቶኝ ነበር።

እንግዲህ ቀይዋ ላንድሮቨር።

አቶ ሰይፉ የሚባሉ የሶዶ ነጋዴ ነበሩ፤ ከደንበኞቼ ሁሉ ትልቁ። ሦስት መኪና አላቸው፣ የሦስቱም ወንበር የእኔ ነው። እሳቸው አንዲት አጭር የድሮ ላንድሮቨር ገዝተው በሌላ ከተማ አስረዘሟት። ስትፈጠር ጤነኛ መኪና ነበረች፤ ጥፋቱ ያረዘማት እጅ ነው። ወገቧን ቆርጠው ብረት ጨምረው በየዷት፣ የትንሽ ጭነት መኪና ናፍጣ ሞተር አስገቡላት፣ ቀይ ቀቧት። ከዚያ ውስጧን እንዳለብስ ወደ እኔ አመጧት።

ወለሉን ሳነሳ ሻንሲውን አየሁት። ሻንሲ ማለት መኪናው ሁሉ የተሸከመበት የብረት አጥንት ነው። ጋሽ ወርቁ አጥንት ሲቀጠል እንዴት እንደሆነ አሳይተውኛል፤ በሰያፍ ይቆረጣል፣ ውስጡ ሌላ ብረት ይገባል፣ ከግራና ከቀኝ ልባስ ላሜራ ይበየድበታል። ይህኛው ዳቦ እንደሚቆረጥ ቀጥ ተደርጎ ተቆርጦ፣ ጫፍ ለጫፍ ተበይዶ፣ ብየዳው በሞላ ተሞርዶ ሬንጅ ተቀብቷል። በሁለቱም ጎን። ልባስ የለ፣ ውስጥ ብረት የለ።

ለአቶ ሰይፉ ነገርኳቸው፤ እሱንስ ነግሬያቸዋለሁ። ልባስ ላሜራ ይጨመርበት አልኳቸው።

«ድንቅነሽ» አሉኝ፣ «አንቺ ያምርልኝ እንጂ ይጠንክርልኝ አልኩሽ?»

ጋራዡ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። የራሳቸው መኪና ነው፣ የራሳቸው አንገት ነው ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። መጋጠሚያው ላይ ወለሉ ትንሽ እብጥ ይል ነበር፤ እንዳይታወቅ ስፖንጁን እዚያ ላይ ድርብ አድርጌ ምንጣፉን በማስቲሽ ለጠፍኩት። ወንበሮቹን በቀይ ሌዘር አለበስኩ፣ ጠርዛቸውን በክሬም ገመድ ከበብኩ፣ መጋረጃ ሰቀልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ሥራ አልሠራሁም። ሰው ለማየት ይመጣ ነበር።

ሁለት ዓመት አለፈ። አቶ ሰይፉ መኪናዋን ሊሸጧት ፈለጉ። ሊገዟት የመጡት ገሱባ አካባቢ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት መምህር ዳልኬ ናቸው። ባሕር ዛፋቸውን አስቆርጠው፣ ሁለት በሬዎቻቸውን ሸጠው፣ የጡረታቸውን ተስፋ ሁሉ ይዘው መጡ። ልጃቸው ማቴዎስ መንጃ ፈቃድ አውጥቷል፤ የሰው መኪና እየነዳ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ሐሳባቸው ከገሱባ ሶዶ ሰው እንዲያመላልስባትና ቤተሰቡም እንዲኖርባት ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አማረች አብረው መጥተዋል፤ ሁላችንም አዬ ነው የምንላቸው፣ በወላይትኛ እናት ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም አብረው ነበሩ። መኪናዋን የሚያይላቸው ሰው ሲጠይቁ ሰው ሁሉ የእኔን ስም ጠርቶላቸዋል።

የአቶ ሰይፉን ግቢ በር ስከፍት ቀይዋ ቆማለች። የትኛዋን መኪና እንደሚሸጡ ሳልጠይቅ ነበር የመጣሁት። ያኔውኑ፣ «ይቺን መኪና ያለበስኳት እኔ ነኝና ሌላ ሰው ይያት» ማለት እችል ነበር። አንድ የአፍ ቃል ናት። አላልኩም።

ሥራውን በሥርዓቱ ጀመርኩ። ሞተሩን ነካሁ፣ ቀዝቃዛ ነው። ተነሣ፣ ጭሱ ንጹሕ ነው። በሮቹ በአንድ ጣት ተዘጉ። ባሌስትራውን፣ ጎማውን፣ መሪውን አየሁ። ማግኔቱን ከሥር በሻንሲው ላይ አስኬድኩት፤ ብረት ስለሆነ ያዘ፤ ብየዳም ብረት ነውና በብየዳው ላይም ያዘ። ከዚያ ጫማዬን አወለቅኩና ገባሁ።

አዬ አማረች ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ሌዘሩን በመዳፋቸው ይዳስሱታል። «ይሄን ማን ሠራው? እንደ ጥጃ ቆዳ ነው እኮ» አሉ።

አቶ ሰይፉ ከውጭ ሆነው፣ «እሷው ራሷ ናት! የሠራችውን ራሷ ካየችው ሌላ ምን ምስክር ይፈለጋል?» አሉ።

ሁሉም ሳቁ። መምህር ዳልኬ አማርኛቸው ሲቸኩሉ ወንድ ያደርገኛል፤ «አንተ ጎበዝ ነህ!» አሉኝ፣ እንደገና ተሳቀ። እኔ በዚያ ሰዓት የቆምኩት በድርቡ ስፖንጅ ላይ ነበር። እግሬ ሥር የሚለሰልሰው ምን እንደሆነ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ምንጣፉን አነሳለሁ ብል የማነሳው የራሴን ማስቲሽ ነው። ሬንጁን አሳያለሁ፤ «ይህንን ስትሸፍኚ አላየሽም?» ይሉኛል፤ ምን እመልሳለሁ? ደግሞ ሁለት ዓመት ሄዳለች፣ ምንም አልሆነችም አልኩ በልቤ። አቶ ሰይፉ ይቀየሙኛልም አልኩ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ጫማዬን መልሼ እስካደርግ ድረስ ነው። ረጅም ጊዜ አልነበረም።

መምህር ዳልኬ ወደ አጥሩ ወሰዱኝ። በወላይትኛ ጠየቁኝ፤ ለእሳቸው የልብ ነገር የሚጠየቀው በዚያ ነው። እኔም በዚያው በአንድ ቃል መለስኩላቸው።

«ሎኦ።»

መልካም ናት ማለት ነው። ግንባሬን ሳሙኝ።

ሽማግሌው እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ጭነው ጸለዩ፤ ሁላችንም አሜን አልን። ከዚያ ሁላችንም ሥጋ ቤት ገባን። ጥሬ ሥጋው በሚለበልበው የበርበሬ ዳጣ ቀረበ። እኔም በላሁ፣ ተጫወትኩ፣ እንዲያውም የጉኑኖዋን ቮልስ ታሪክ አውርቼ አሳቅኳቸው።

ቀይዋ ዝናቡ እስኪገባ ሠራች። ማቴዎስ ሶዶ ሲመጣ በሱቄ በኩል ሳያልፍ አይሄድም ነበር። «እትዬ ድንቄ፣ ልጅሽ መጣች!» ይለኛል፤ መኪናዋን ማለቱ ነው። መስኮቱን ወልውሎ፣ ምንጣፉን ጠርጎ ነው የሚነዳት። ጫማው ጭቃ የነካ ተሳፋሪ ሳይጠርግ አይገባም ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ከገሱባ ወጥተው ወንዙ ዘንድ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ወገቧ ተቆረጠ። ፊቷ መንገዱ ላይ ቀረ፣ ኋላዋ ቦይ ውስጥ ገባ። የሞተ የለም። አዬ አማረች ግን ከኋላ ነበሩ፤ ጭናቸው ተሰባበረ። ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኩዝ አልሄዱም።

ሰው ወዲያው ምክንያት አገኘ። ልጅ ነው፣ ነዳጅ መርገጥ ይወዳል፣ ቁልቁለቱን ለቅቋት ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ሰበራት አሉ። ማቴዎስ፣ «በሁለተኛ ማርሽ ነበርኩ፣ እየገታኋት ነበር የምወርደው» አለ። ሹፌር ሁሉ እንዲህ ይላል አሉት።

አዬ ከሆስፒታል ወጥተው በተኙ ጊዜ መምህር ዳልኬ ግቢ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እኔንም አስጠሩኝ። አስቀድመው ስባሪዋን አሳዩኝ። በቆረጡት ቦታ ነው የተሰበረችው፣ በመስመሩ ላይ፣ ቀጥ ብሎ፣ ግራና ቀኙ እኩል። ጉድጓድ የሰበረው ብረት ይጣመማል፣ ይቀደዳል፤ ይህኛው ግን የተላቀቀ ነው። ለሚያውቅ ሰው በዓይን የሚነበብ ነገር ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው የሚያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

በግዢው ቀን የጸለዩት ሽማግሌ፣ «ድንቅነሽ፣ ስትገዛም ያየሻት አንቺ ነሽ። እስቲ ንገሪን፣ ሻንሲ በምን ይሰበራል?» አሉኝ።

«ከባድ ምት ሲያገኘው ይሰበራል» አልኩ።

ቃሏ ውሸት አይደለችም። ለዚህም ነው ከውሸት የከፋችው።

ሁሉም ወደ ማቴዎስ ዞሩ። እሱ ግን ወደ እኔ ነው የዞረው። «እትዬ፣ አንቺ መኪናዋን ታውቂያለሽ። ሁለተኛ ማርሽ እንዲህ ይሰብራል? ንገሪያቸው እንጂ» አለኝ።

እጄን አየሁ። ጣቴ ላይ የመርፌ ጠባሳ አለ፤ እሱን አየሁ።

አባቱ፣ «በቃ ዝም በል። ባለሙያዋ ተናግራለች» አሉት።

ማቴዎስ ተነሥቶ እናቱ የተኙበት በር ላይ ተንበረከከና ላላጠፋው ጥፋት ይቅርታ ለመነ። ሽማግሌዎቹ መረቁት። እኔም አሜን አልኩ። በሳምንቱ ወደ ሁምቦ ወረደ፤ ተራራው ላይ ችግኝ በሚተክሉት ሰዎች ዘንድ የችግኝ ጣቢያ ሥራ ያዘ። መሪ ሁለተኛ አልጨበጠም። ገሱባ ላይ እናቱን የሰበረው ልጅ ነበር የሚባለው።

አዬ አማረች ትንሽ ሲሻላቸው ጠርሙስ ቅቤ ላኩልኝ። «ያ ወፍራም ወንበርሽ ባይኖር አልተርፍም ነበር» የሚል ቃል ነበረው። ቅቤውን በላሁት።

መምህር ዳልኬ በአምስተኛው ዓመት ሞቱ። ለቅሶ ደረስኩ። ጋሽ ወርቁም ሐዋሳ ላይ ሞቱ፤ እሳቸውንም ቀበርኩ። ለአንዳቸውም አልነገርኩም። መኪና ማየቱን ግን ቀስ በቀስ ተውኩት፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ዓይኔ ደክሟል እላለሁ። ያኔ ዓይኔ መርፌ ከሩቅ ያይ ነበር።

እንግዲህ ደብተሬ ላይ እጄ የቆመው እዚህ ጋ ነው። ሦስት ቀን ቆሞ ዋለ። በአራተኛው ቀን ጠዋት የሁምቦ መኪና ተሳፈርኩ።

ማቴዎስ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ጸጉሩ ጎን ጎኑ ሸብቷል። እናቱን ወስዶ አብረው ይኖራሉ። አዬ በር ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ ደስ አላቸው፤ ሊነሡ ምርኩዛቸውን ፈለጉ። አትነሡ ብዬ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። የሚበላ ሊያመጡልኝ ሲሉ እምቢ አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቆረጣውን፣ ሬንጁን፣ ስፖንጁን፣ ሎኦ ያልኩትን፣ በሽማግሌዎቹ ፊት ያልኩትን። አልቅሼ ነበር መሰለኝ። ማንም አላባበለኝም፤ ልክ ናቸው።

መጀመሪያ የተናገሩት አዬ ናቸው። «የእግሬን ተዪው» አሉኝ። «እግር ነው። ባሌ ግን ልጁን ሳያምን ሞተ። ይሄን በምን ትሰፊዋለሽ?»

ምርኩዛቸውን አንሥቼ ጎናቸው አስደገፍኩላቸው።

ማቴዎስ ቆሞ ነበር የሚሰማው። «አባቴ ሳይሞት ያውቁ ነበር?» አለኝ። እርስዎ አለኝ፤ ከዚያ በፊት ብሎኝ አያውቅም።

«አውቅ ነበር።»

«ለቅሶውም ላይ?»

«ለቅሶውም ላይ።»

ወደ ችግኞቹ ሄደና ቆየ። ሲመለስ እጁ ጭቃ ነበረ። ይቅር ብያለሁ አላለኝም፤ እኔም አልለመንኩትም፤ በዚያ ላይ ልመና መጨመር ነውር መሰለኝ። ገሱባ ሄጄ ሽማግሌዎቹ ፊት እናገራለሁ አልኩት። «ከሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው የቀሩት» አለኝ፤ «እነሱም ያረጁ ናቸው፣ ይረሱታል። የሰማ ሰው ሁሉ ለልጁ አውርቶታል። እርስዎ መጻፍ ይችላሉ አሉ። ይጻፉት።»

ጻፍኩት። ገሱባ ሄጄም በቤተ ክርስቲያን ቆሜ አነበብኩት። አንዳንዱ ሲወጣ ሰላም ሳይለኝ አለፈ። ከዚያ ደብተሩን ይዤ ወደ ሁምቦ ተመለስኩና ለማቴዎስ ሰጠሁት። ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበ። አንድ ቦታ ላይ ጣቱን አደረገ፤ ስሙን ትቼ «ሹፌሩ በሁለተኛ ማርሽ ነበር» ብዬ የጻፍኩት ላይ።

«ሹፌሩ አይበሉ» አለኝ። «ስሜን ይጻፉ። ከነአባቴ።»

እስክሪብቶ ተቀብዬ እዚያው ሰረዝኩና ጻፍኩ፤ ማቴዎስ ዳልኬ በሁለተኛ ማርሽ ነበር።